ሚካኤልን ያከበረው ክላስተር

እኔ ሰው ቤት ሲሠራ አልቀናም። ሰው ሲሾምም አልቀናም። ጎረቤቴ የምትታለብ ላም ሲገዛ እንኳን «እግዜር ይባርክልህ» ብዬ፣ የላሟን ጀርባ ዳብሼ ነው ወደ ቤቴ የምገባው። በሕይወቴ ከልቤ የቀናሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በአንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅና እሷ በሠራችው ፕሮግራም። ለየብቻ ለመቅናት ጊዜ ስላልሰጡኝ በሁለቱም ላይ ባንድ ጊዜ ቀናሁ። ይህን የምነግራችሁ ተጸጽቼ ብቻ አይደለም። ወሬው በከተማችን በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ውስጥ በሌላ ሰው አፍ ተበላሽቶ ሲዞር ስለሰማሁ፣ ማበላሸቱ ካልቀረ እኔው ላበላሸው ብዬ ነው።

የምሠራው ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራችን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ ማቅረብ ነው። የእስቴ፣ የስማዳና የጋይንት ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብለው ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ሲስተሙ ወዲያው አርሞ ውጤታቸውን ይነግራቸዋል። ጥያቄዎቹም አራሚውም ግን እኛ ቢሮ ውስጥ የሉም። ያሉት ክላውድ በሚባል፣ ባሕር ማዶ በተከራየነው የኮምፒውተር መንጋ ላይ ነው። መንጋውን ክላስተር ይሉታል። በመንጋው ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ሳጥን ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሳጥኑን ደግሞ ኮንቴነር ይሉታል። ለእስቴ አንድ፣ ለስማዳ አንድ፣ ለጋይንት አንድ ክላስተር አለን።

አማቴ ኮንቴነር ሲባል ስትሰማ መንገድ ዳር ያለው የብረት ሱቅ ነው የመጣባት። ለጎረቤቶቿ «የልጄ ባል ባሕር ማዶ ብዙ ሱቅ አለው፤ እዚሁ ተቀምጦ ነው የሚከፍተው የሚዘጋው» ብላ ነገረቻቸው። ላርማት አስቤ ነበር፤ ግን በማግሥቱ ቤቷ ስሄድ የቀረበልኝን ወጥ ሳየው ሐሳቤን ቀየርሁ።

ክላስተር እስከ ተነሣ ድረስ፣ ተማሪ ኖረበትም አልኖረበትም፣ ኪራዩ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ማስነሣት፣ ማታ ማስተኛት የግድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተማሪዎቹ መዝገብ፣ ቀጥሎ ጥያቄዎቹ፣ በመጨረሻ አራሚው ይነሣል። አራሚው ቀድሞ ከተነሣ መዝገቡን ፈልጎ ያጣና አኩርፎ ተመልሶ ይተኛል። ይህን የማውቀው በሦስት ወረዳ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን የሚያውቅ ሰው አረማመዱ ራሱ ይለያል፤ የእኔም ተለይቶ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ይጮኻል። መጀመሪያ የሚደውሉት አቶ ጥጋቡ ናቸው፣ ስማዳ፣ ወገዳ ያለው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ስልክ ሲያወሩ ከገደል ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ የሚመስሉ። «እንዴት አደርህ? ቤተሰቡ ደኅና? ከብቱ ደኅና? በል ክፈትልን» ይሉኛል። ከብት የለኝም፤ ግን ደኅና ነው እላለሁ። ክላስተሩ ከተነሣ ሩብ ሰዓት ቢሆነውም «ቆይ እስቲ፣ እየታገልሁት ነው» እላቸዋለሁ። ትንሽ ዝም እላለሁ። ከዚያ «በሉ አሁን ይሞክሩት» ስላቸው የሚወርድልኝን ምርቃት ብትሰሙት እናንተም ትታገሉት ነበር።

ሰርግ ላይም እንዲሁ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጠላዬን አስቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግን ሦስት ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጌ «ክላስተር ላስተኛ ነው» ብዬ እነሣለሁ። ሰው መንገድ ይለቅልኛል። እርግጥ ነው፣ ጠላው በጠናበት ጊዜ አራት አምስት ቀን ሳላስተኛው ቀርቻለሁ። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር።

ከዚያ እማዋይሽ መጣች።

እማዋይሽ የጋይንት ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። በልጅነቷ አባቷ ለተማሪዎቻቸው ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ከጎን ተቀምጣ እየሰማች፣ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል በጣቷ አንጓ ትቆጥር ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። እኛ ቢሮ ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተቀጠረች፤ ሥራዋ ካማረ ትቀጥላለች፣ ካላማረ ትሰናበታለች። ስትገባ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። «ጋሼ» አለችኝ፤ «እርስዎ» አለችኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ ቅናቴ ምክንያት ያገኝ ነበር። ትሕትናዋን ባየሁ ቁጥር ግን ቆሽቴ የሚያርረው ያለ ምክንያት ስለሆነ የባሰ ያርራል።

በገባች በሦስተኛው ሳምንት አጠገቤ ቆማ ጠዋት የማደርገውን ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄን በየቀኑ በእጅዎ ለምን ይደክሙበታል? ሰዓቱን ጽፈንለት ራሱ ቢነሣ፣ ራሱ ቢተኛስ?» አለችኝ።

«ሰው ይፈልጋል» አልኋት።

«ለምኑ?»

«ይፈልጋል።»

ኃላፊያችን አቶ ወንዴ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሰምተው ኖሮ «እስቲ ትሞክረው» አሉ። አቶ ወንዴ በባሕርያቸው «እስቲ ይሞከር» ይወዳሉ፤ ባለፈው ዓመት አትክልት ይተከል ብለው የቢሮው ደጅ እስካሁን ጎመን ነው።

በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። እውነቱን ልናገርና፣ እንድትሳሳት ጸልያለሁ። የክላውዱ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አይሄድም፤ እኛ ሁለት ሰዓት የምንለውን እሱ በሌላ ቁጥር ነው የሚያውቀው። «ይህን አታስተውልም፣ እኩለ ሌሊት ታስነሣዋለች» ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አስተውላለች። ቅደም ተከተሉንም አልሳተችም፤ መዝገብ፣ ጥያቄ፣ አራሚ። እንዲያውም ሌላ ነገር ጨመረችበት። ፕሮግራሙ በየሩብ ሰዓቱ ዞር ብሎ ክላስተሮቹን ያያል፤ መተኛት በሚገባው ጊዜ ተነሥቶ የተገኘ ካለ መልሶ ያስተኛዋል። «ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ሰበር አድርጋ «አንዳንድ ቀን ሳይተኛ ስላደረ ነው፤ ሰው ነዎት፣ ይደክምዎታል» አለችኝ። የጠላው ነገር ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ባለቤቴን ከጓዳ «እስቲ ደውይልኝ» አልኋት። ደወለች፤ ጮኸ። አላስችል ሲለኝ እኔው ወገዳ ደወልሁ።

«አቶ ጥጋቡ፣ ተከፈተ እንዴ?»

«ተከፍቷል፤ ልጆቹ እየሠሩ ነው። ምነው በደኅና?»

«የለም፣ እንዲያው ነው።»

«ልጅቱ ነግራናለች፤ ካሁን ወዲያ ራሱ ይከፈታል አለች። እግዜር ይስጣት።»

ከብቱን ሳይጠይቁኝ ዘጉት።

ባለቤቴ «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስታማርር ከረምህ፤ አሁን አርፈህ ቁርስህን ብላ» አለችኝ። ቁርስ ቀረበ። እኔ ግን በዚያ ጠዋት የሚፈልገኝ ሰው እንጂ የሚበላ ነገር አልጎደለኝም ነበር። ፈራሁ ማለት ይሻላል። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከመዝገብ፣ ጥያቄ፣ አራሚ ሌላ የምታወቅበት ነገር የለኝም።

እማዋይሽ በዚያው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ሁላችንን ሰብስባ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሠራ፣ ችግር ቢመጣ በምን እንደሚገታ ልታሳየን ቀጠሮ ያዘች። እኔ ጉንጬን በእጄ ደግፌ «ጥርሴን አሞኛል» ብዬ ቤቴ ሄድሁ። ጥርሴ ደኅና ነበር። እሷ ስታስተምር ቁጭ ብዬ መስማት ነው ያመመኝ።

በሳምንቱ ከወገዳ በአውቶቡስ አንድ ማሰሮ ማር መጣ። አቶ ጥጋቡ ነው የላኩት፣ ለእማዋይሽ። አስቡት፤ እኔ በሁለት ዓመት ያገኘሁት ለሌሉኝ ከብቶች ሰላምታ ነው። እሷ ማሩን ከፍታ መጀመሪያ ለእኔ አቀረበችልኝ፤ «ጋሼ፣ ይቅመሱ» ብላ። ቀመስሁት። ነጭ ማር ነው፣ በጣም ጣፋጭ። እየጣፈጠኝ በሄደ ቁጥር እየተናደድሁ ሄድሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ቀመስሁት፤ ደግሞ ተናደድሁ። ማሰሮው ሊጋመስ ሲል ተውሁት።

ታዲያ እግዜር ለቀናተኛም በር ይከፍትለታል። አንድ የበዓል ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ ክላስተሮቹን ስሰልል ሦስቱም ተነሥተው አገኘኋቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ተማሪ የለም፣ እነሱ ቆመው ይውላሉ። ፕሮግራሙ በዓል አያውቅም። የተሰማኝን ደስታ ልጄ ስትወለድ ከተሰማኝ ጋር ባላወዳድረው ይሻላል፤ ባለቤቴ ይህን ታነበዋለች።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ በአቶ ወንዴ ፊት «የመሪጌታ ልጅ በዓል ረሳች» አልሁ። እማዋይሽ ደነገጠች። ከዚያ «እውነትዎን ነው ጋሼ፤ አላሰብሁትም» አለች። ትንሽ ብትከራከር ምናለበት? «አገሩን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን ዝርዝሩን ያዘጋጁልኝ። እኔ አባቴን አሟቸው ጋይንት ልደርስ ነው። ስመለስ አብረን አይተን እናስገባዋለን።»

እኔ የሰማሁት «ያዘጋጁልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። አብሮ ማየት የሚለው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ለባሕረ ሐሳብ ልጅ የማቀርበው ዝርዝር አባቷ ራሳቸው አይተው «ይህን የጻፈው ማን ነው?» የሚሉት መሆን ነበረበት። ስለዚህ ለትምህርት ቤቶቹ ደውሎ «መቼ መቼ ትዘጋላችሁ?» ብሎ እንደ መጠየቅ፣ ተነሥቼ የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ ዘንድ ሄድሁ።

ቄስ ሞላን ከቤታቸው ደጅ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉዳዩን ነገርኋቸው፤ ክላስተር በበዓል ቀን እንዳይሠራ የበዓላቱን ዝርዝር ይስጡኝ አልሁ። አሰቡና «በበዓል የሚከለከል ሥራ አለ፣ የማይከለከል ሥራ አለ። ይሄ የምትለው ሥራው እንደ ምን ያለ ነው? እንደ ጽሕፈት ነው ወይስ እንደ እርሻ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ «እንደ ጽሕፈት ነው አባ» ብል ኖሮ ወጌ አልቆ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ግን እኔ ሁለት ዓመት የደከምሁበት ሥራ በሰው ፊት ወረቀት ላይ እንደ መጫር ተቆጥሮ ሊቀር? ያውም ያቺ ልጅ በአንድ ሳምንት ከሠራችው በኋላ?

«ከእርሻ ይከብዳል አባ» አልሁ።

«ከእርሻ?»

«ምን ማለትዎ ነው? ሞፈር ቢሉ፣ ቀንበር ቢሉ አይደርስበትም።»

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። እርግጠኛ ነኝ አልሁ። «እንዲህ ከከበደማ በበዓል አይነካም» አሉና አንድ በአንድ ይነግሩኝ ጀመር። በአንድ ልደታ፣ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ በሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ስምንት አማኑኤል፣ በሃያ ዘጠኝ ባለ ወልድ። በየወሩ። በእጄ ጻፍሁት፣ አሳምሬ። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት ክላስተሩ በወር ስንት ቀን እንደሚሠራ አልቆጠርሁም። ገበሬ ሞፈር በማያነሣበት ቀን ሁሉ ትምህርት ቤት እንደማይዘጋ ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የማውቀው ዝርዝሩ ረጅም መሆኑን ብቻ ነበር።

እማዋይሽን መጠበቅ አልቻልሁም። ከተመለሰች ታየዋለች፤ ካየችው ታርመዋለች፤ ካረመችው የእሷ ይሆናል። ወር በገባ በአሥራ አንድ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዝርዝሩን እኔው አስገባሁት። በማግሥቱ ሐሙስ የሞዴል ፈተና ነበር፣ በሦስቱም ወረዳ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ፈተናው ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ። ሚካኤል በአሥራ ሁለት መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያስብ ጭንቅላት ግን ያን ሰሞን በሌላ ነገር ተይዞብኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ እንደ ገባሁ ስልኬ ጮኸ። ከስንት ሳምንት በኋላ።

አቶ ጥጋቡ ናቸው። ሰላምታም ከብትም የለም። «አልተከፈተም» አሉኝ፤ «ልጆቹ ተቀምጠዋል፤ የኮምፒውተሩ መስኮት ባዶ ነው።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? የልጅቱ ፕሮግራም ተበላሸ፤ በዋናው ቀን፤ እሷ በሌለችበት። «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» አልሁ፣ ድምፄ ራሱ ወፍሮ። በእጄ አስነሣሁት፤ መዝገብ፣ ጥያቄ፣ አራሚ። ተነሣ። አቶ ጥጋቡ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» አሉኝ። ይህን ቃል ስንት ቀን ስጠብቀው እንደ ከረምሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የጋይንቱንም የእስቴውንም አስነሥቼ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥሁ።

ሩብ ሰዓት ሲሞላ ሦስቱም ተኙ።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አስነሣሁ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ተኙ። ደግሜ አስነሣሁ፤ ደግመው ተኙ። በአራተኛው ግራ ቢገባኝ ፕሮግራሙ የሚጽፈውን የዕለት መዝገብ ከፍቼ አየሁ። እማዋይሽ መልእክቶቹን ሁሉ በአማርኛ ነው የጻፈቻቸው፣ ማንም እንዲገባው ብላ። እንዲህ ይላል፦ «ክላስተሩ ተነሥቶ ተገኘ፤ ተኝቷል። ምክንያት፦ ቅዱስ ሚካኤል። በዓሉን ያስገባው፦» ከዚያ የእኔ ሙሉ ስም፣ እስከ አያቴ።

ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው አዞርሁት፤ አቶ ወንዴ ከኋላዬ ቆመው ነበርና።

ዝርዝሩን ሰረዝሁት። አልረዳኝም። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን የሚያነበው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የሰረዝሁት ለነገ ነበር። ፕሮግራሙን መግቻ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ የተነገረ ዕለት ግን ጥርሴን አሞኝ ነበር። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ሲያስተኛ እኔ ማስነሣት። ማስነሣቱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ተማሪዎቹ አሥር ደቂቃ ይሠራሉ፤ ከዚያ ሚካኤል ይከበራል። የመለሱት መዝገቡ ላይ ስለሚቀር አልጠፋባቸውም፤ ግን አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተቆራርጦበት የሠራ ልጅ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ጋይንት ላይ አንዲት ልጅ አልቅሳ ወጣች ተባለ።

ላቤ ይንጠፈጠፋል። አቶ ወንዴ «ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችን። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀራት» አሉ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምን እንዳልሁ ታውቃላችሁ? «ልጅ ናት እንግዲህ» አልሁ። ይቅር ባይ ፊት አሳይቼ ነው ያልሁት። እስካሁን ያንን ፊቴን ሳስበው በሻሽ ብሸፍነው ደስ ይለኛል።

ስድስት ሰዓት ገደማ እማዋይሽ ደወለች። ከጋይንት ስትመለስ መንገድ ላይ ኔትወርክ አልነበራትም፤ ደብረ ታቦር ስትደርስ የሁሉም ሰው ቁጣ ባንድ ጊዜ ስልኳ ላይ ወረደባት።

«ጋሼ፣ የበዓሉ ዝርዝር ገብቷል እንዴ?»

ከኋላዋ የአውቶቡሱ ረዳት ድምፅ ይሰማል፣ እስቴ እስቴ እያለ ይጣራል።

«ገብቷል» አልሁ።

«እሺ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ መግቻ የሚል አለ፤ እሱን ይጫኑት።»

ተጫንሁት። አንድ ጊዜ። አራት ሰዓት ሙሉ የተደባደብሁት ነገር በአንድ ጣት ቆመ።

«ያን ዕለት ለብቻዎ ላሳይዎ ይገባኝ ነበር» አለች። «ጥርስዎስ ተሻለዎት?»

ተሻለኝ አልኋት።

በሳምንቱ ርእሳነ መምህራኑ መካነ ኢየሱስ ተሰበሰቡ፤ ሦስት ናቸው፣ አቶ ጥጋቡ ዋናው ተናጋሪ። ጉዳዩ ሁለት ነው። ይህ ራሱ የሚነሣ ራሱ የሚተኛ ነገር ቀርቶ ሥራው ወደ እኔ እጅ ይመለስ ወይ፤ እማዋይሽስ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት። አቶ ወንዴ ደብዳቤዋን አዘጋጅተው ይዘዋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ጠዋቶቼ ሁሉ ተመልሰው ይመጡልኛል።

እማዋይሽ ተነሣች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «አንድ ሰው ብቻውን ያስገባው ነገር፣ ሁለተኛ ሰው ሳያየው ሥራ ላይ እንዳይውል አድርጌ መሥራት ነበረብኝ። አላደረግሁም። ተማሪዎቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ስሜን አልጠራችም። የዕለት መዝገቡን እንዳየችው አውቃለሁ፤ እስከ አያቴ።

ከዚያ የሆነውን ላምን አልቻልሁም። አቶ ጥጋቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አይዞሽ ልጄ» አሉ። የጋይንቱም አይዞሽ አሉ። የእስቴው «እንዲህ ጥፋቱን የሚያምን ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ። ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን አይዞህ ያለኝ የለም። እሷ ሥራዬን ወሰደች፤ ምርቃቴን ወሰደች፤ ማሩን ወሰደች። አሁን ደግሞ ጥፋቴን ወስዳ ተመረቀችበት። የራሴን ጥፋት እኮ ነው፣ እኔ ደክሜ የሠራሁትን።

ተነሣሁ። ጨዋነት ሞልቶኝ አይደለም፣ አልዋሻችሁም፤ ቅናት ነው ያስነሣኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ።

አቶ ጥጋቡ ወደ እኔ ዞረው አዩኝና ፊታቸው በራ። «አያችሁ? ልጅቱ እንዳትባረር ብሎ ሸክሙን ሊጋራት ነው። ያን ዕለትም እሱ ነው ሲታገል የዋለው። እግዜር ያክብርህ።» ሌሎቹም መረቁኝ። ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ እጄ ገባ፤ ምርቃቱም፣ ምስጋናውም፣ ነገ ጠዋት የሚጮኸው ስልክም። ቁጭ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

እማዋይሽን አየኋት። እያየችኝ አልነበረም። አንገቷን ደፍታ የደብተሯን ጠርዝ በጣቷ ታሻለች፤ እንድናገርም እንድተውም አልለመነችኝም። የሰው ጥፋት ተሸክማ እንዲህ ቀልሏት ስትቀመጥ፣ እኔ የገዛ ጥፋቴን መሸከም አቅቶኝ ቆሜያለሁ። ይህ ሁሉንም ቅናቴን አስናቀው።

ከኪሴ በእጄ የጻፍሁትን ዝርዝር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። «ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳትመለስ ያስገባሁትም እንዳታርመው ብዬ ነው። ያን ዕለት ጠዋትም የእኔ መሆኑን አውቄ ነው ዝም ያልሁት» አልሁ።

አቶ ጥጋቡ መነጽራቸውን አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ወረቀቱን አንሥተው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። እኔ ለስድቡ ተዘጋጀሁ።

«ቂርቆስን ለምን ተውኸው?» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«የእኛን ታቦት። በአሥራ አምስት ቂርቆስ ነው። ልደታ አለ፣ አቦ አለ፣ የሰው ሁሉ አለ፤ የእኛ ብቻ የለም። ምን አድርገንህ ነው?»

የጋይንቱ ርእሰ መምህር ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩ እስጢፋኖስ እንደ ሌለ ደረሱበት፤ እሳቸውም ቅር አላቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ስብሰባው የማን ታቦት ቀረ ወደሚል ዞረ። አቶ ወንዴ በመሀል ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የመግቢያ ቁልፉን ዛሬውኑ ለእማዋይሽ አስረክብ፤ ካሁን ወዲያ አንተ ብቻህን የምትነካው ነገር የለም» አሉኝ። ሌላው በታቦት ክርክር ስለ ተያዘ ፍርዴን የሰማነው ሦስታችን ብቻ ነን። አስረከብሁ። ሁለት ዓመት የያዝሁት የይለፍ ቃል የልጄ ስም ነበር፤ ጮክ ብዬ ለመናገር አፈርሁና ጽፌ ሰጠኋት።

ከስብሰባው በኋላ ዕቃዬን ልሰበስብ ስል እማዋይሽ ወንበር ጎትታ አጠገቧ አደረገች። «ጋሼ፣ ወገዳ ትምህርት ቤት በእውነት የሚዘጋው መቼ መቼ ነው? ገበያ ቀን ከሰዓት ይማራሉ? ጋይንትስ በክረምት መግቢያ መቼ ነው የሚያቆሙት? እኔ ይሄን አላውቅም» አለችኝ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ሲደውሉልኝ፣ ከከብቱ ቀጥሎ የሚያወሩኝ ይህንኑ ነበር። ተቀመጥሁና ነገርኋት። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ በአሥር ጣቷ ትጽፋለች፤ ቃሉን ሳልጨርሰው ጨርሳ ትጠብቀኛለች። ፍጥነቷን እያየሁ ቆሽቴ እንደገና ማረር ሲጀምር ይሰማኛል። እስከ ዛሬም ይኸው ነው፤ አልለቀቀኝም። ግን አሁን የምቀናው አጠገቧ ተቀምጬ ነው።